ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ፦ በነሲም ግቢ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ማደስ

ከዐስር ሶላት በኋላ የነሲም ጎዳናዎች ነፍስ ይዘራሉ። በምሥራቅ ሪያድ የሚገኘውና ምሥራቅ ነሲምና ምዕራብ ነሲም ተብሎ የተከፈለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ለስላሳ ነፋስ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። በበጋው ወራት የሚነፍሰው አየር ግን ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ሐምራዊ መስመር መዳረሻው እዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የሪያድ ነዋሪ ነሲምን ከባቡሩ ቀድሞ የሚያውቀው በመኪና ገበያው ነው። «የነሲም መዓሪድ» ሲባል አዲስና አሮጌ መኪኖች ተደርድረው ገዢ የሚጠብቁባቸው መደብሮች እንደሆኑ ሁሉም ይረዳል።

በእነዚህ መደብሮች ጥግ ወይም ከመኖሪያ ቤቶች የግቢ ግንብ ጀርባ አልፎ አልፎ አንድ ለየት ያለ መኪና ይታያል። ክብ የፊት መብራቶች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የፊት መስተዋት፣ ነጭ ጣሪያ፣ ፀሐይ የላሰው ቀለም አለው። ወጣቱ አላፊ አግዳሚ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ሽማግሌው ደግሞ ቆም ብሎ ኮፈኑን በመዳፉ ይዳብሰዋል። የቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 ነው። ለባዲያው ሰው ግመልን የተካ፣ ለኢትዮጵያዊው ሹፌር ደግሞ የሀገር ቤቱን የገጠር መንገድ የሚያስታውስ መኪና ነው።

ይህን መኪና ገዝቶ በቤቱ ግቢ ለማደስ የሚነሳ ሰው ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል። ዓመታትን በስደት የለፋበት ጥሪት ይገባበታል፤ ሲጠናቀቅም ሚስትና ልጆች ይሳፈሩበታል። ስለዚህ ምን እንደሚገዛ፣ ከየት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ከፉጂ ተራራ እስከ ነጅድ በረሃ

የላንድክሩዘር ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በዚያ ዓመት ቶዮታ «ቢጄ» የሚል መለያ የተሰጠውን የመጀመሪያውን ባለአራት ጎማ ኃይል ተሽከርካሪ ሠራ። ኢቺሮ ታይራ የተባለው የሙከራ ሹፌርም ይህንኑ መኪና እየነዳ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣ። ከዚያ በፊት ማንም መኪና ያን ያህል ከፍታ አልደረሰም ነበር። ይህ ሙከራ የጃፓንን ብሔራዊ ፖሊስ አሳምኖ መኪናውን እንዲመርጠው አደረገ። «ላንድክሩዘር» የሚለው ስም የወጣለት በ1954 ሲሆን፣ ስሙን ያወጡት የቶዮታ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሃንጂ ኡሜሃራ ከእንግሊዙ ላንድሮቨር ስም በክብር የማያንስ ስም ይፈልጉ ነበር።

በሳዑዲ ዐረቢያ የዐብዱልለጢፍ ጀሚል ኩባንያ የቶዮታ ወኪል የሆነው በ1955 ነው። የአስፋልት መንገድ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን፣ በአሸዋና በኮረት ላይ ሳይበገር የሚሄድና ሲበላሽም በቀላል መሣሪያ የሚጠገን ተሽከርካሪ እጅግ ተፈላጊ ነበር። ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው 40 የተባለው ትውልድ ይህንን ፍላጎት ሞላ። ብራዚል ውስጥ ደግሞ «ባንዴይራንቴ» በሚል ስም እስከ 2001 ድረስ መሠራቱ ቀጥሏል። ተከታዩ 70 የተባለው ትውልድ ከ1984 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይመረታል። ይህ ትውልድ በሳዑዲ ባለክፍት ጭነት ዓይነቱ «ሻስ» ሲባል፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ረጅሙ ዓይነት «ሃርድ ቶፕ» ተብሎ በየወረዳው ይታወቃል። የላንድክሩዘር ጠቅላላ ሽያጭ በ2019 ከ10 ሚሊዮን መኪና በላይ መድረሱን አምራቹ አስታውቋል።

ኤፍጄ 40 ለቤት ውስጥ እድሳት የሚመች መኪና ነው። አካሉ ከጠንካራ ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተደረደረበት፣ በካርቡራተር የሚመገብ ነው። ኮምፒውተር የለውም። የቀድሞው «ኤፍ» ሞተር 3.9 ሊትር ሲሆን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተተካው «ቱ ኤፍ» ደግሞ 4.2 ሊትር ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2285 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በጠባብ ግቢ ውስጥ ለመዞርም አያስቸግርም። ኮፈኑን ከፍቶ የሚመለከት ሰው እያንዳንዱን ክፍል በዓይኑ ያየዋል፤ እጁንም ሰድዶ ይደርስበታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

አሮጌ መኪና ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜውን የት አሳለፈ የሚለው ነው። በነጅድ ደረቅ አየር የኖረ መኪና ብረቱ ከዝገት የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ጎማውን፣ የበር ጎሚኒዎቹን፣ የውሃና የነዳጅ ቱቦዎቹን ታደርቃቸዋለች። ሲነኩ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰነጠቃሉ። በጅዳ ወይም በሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ የኖረው ደግሞ በጨዋማ እርጥበት ከውስጥ ይበላል። ከሰሜን አሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣው ከሆነ በክረምት በመንገድ ላይ የሚበተን ጨው ሻንሲውን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው መኪና ላይ ላዩን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲያብረቀርቅ ገዢን ያታልላል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ መኪናውን ቆሞ አያየውም። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ይገባል። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ይደነዝዛል። በባሌስትራው መያዣዎች፣ በሻንሲው ውስጠኛ ክፍልና በአካሉ ማረፊያዎች ላይ አንዳንዴ ውፍረቱ ብዙ የሆነ ቀለም ወይም አዲስ ብየዳ ይታያል። ይህ ሲታይ ሻጩን ምክንያቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። በአካሉ ላይ ደግሞ ማግኔት ማንሸራተት ይበቃል፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቶበታል ማለት ነው።

ሞተሩን ለመመርመር የኮምፕሬሽን መለኪያ ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው ስድስቱም ሲሊንደሮች በየተራ ይለካሉ። ከአንድ ቁጥር ከፍ ማለት ይልቅ የስድስቱ መቀራረብ የበለጠ ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የፒስቶን ቀለበት ነው፤ ካልተለወጠ ግን ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋስኬት መሆኑ አይቀርም። በአሸዋማ ሀገር የሠራ መኪና የአየር ማጣሪያው ለዓመታት ካልተጠበቀ ሲሊንደሮቹ በአቧራ ተበልተው ይገኛሉ።

ወረቀቱ ከብሎኑ ይቀድማል

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ከመካኒክነት ጋር የሚገናኝ አይደለም። አሮጌ መኪና ወረቀት ከሌለው የብረት ክምር ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ሥርዓት ያገለገለ የቤት መኪና ከውጭ ለማስገባት ዕድሜው ከአምስት ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ክላሲክ መኪኖች ግን ከዚህ ገደብ ነፃ ናቸው። በመሆኑም 40 የተባለው ትውልድ ሁሉ በዕድሜው ይህንን መስፈርት ያሟላል። ሀገር ውስጥ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ኢስቲማራው ከመኪናው ጋር መስማማቱ፣ ሻጩም በስሙ የተመዘገበ ባለቤት መሆኑ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይጣራል።

በኤፍጄ 40 ላይ የሻንሲው ቁጥር በቀኝ በኩል በፊተኛው የሻንሲ ክንድ ላይ ታትሞ ይገኛል። ቁጥሩ የመኪናው መታወቂያ ነው። ዝገት ለማንሳት በመፍጫ ሲፈገፈግ ወይም ወፍራም ቀለም ሲለጠፍበት የጠፋ ቁጥር መኪናውን ያለማንነት ያስቀረዋል። ጥንቁቅ ሰው ሥራ ሳይጀምር ቁጥሩን በጨርቅና በኬሮሲን ያጸዳል፤ ፎቶ ያነሳል፤ ከኢስቲማራው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ቀለም መቀየርም ሆነ አካሉን መለወጥ ያለ ሕጋዊ ሂደት ከተደረገ የትራፊክ ጥፋት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። የቀድሞውን ቀለም መልሶ መቀባት ከዚህ ጣጣ ያድናል፤ ለክላሲክ መኪና ዋጋም የሚጨምረው ይኸው ነው።

ሥራው የሚካሄድበት ቦታም ሕግ አለው። የሪያድ ማዘጋጃ ቤት በየመንገዱ ዳር ተበላሽተው የቆሙ መኪኖችን ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ያነሳል። ሞተሩ የወጣ፣ ጎማ የሌለው መኪና ከግንብ ውጭ መቆም የለበትም፤ ሆሽ ያለው ቤት ያስፈልጋል። ለተከራይ ደግሞ የአከራዩ ፈቃድ ይቀድማል። ጎረቤትም መብት አለው፤ ከኢሻ በኋላ መዶሻ ማሰማት፣ የቀለም ጭስ ወደ ሰው መስኮት መልቀቅ ከጉርብትና ሥርዓት ውጭ ነው።

በተለይ በኢቃማ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አንድ ጥብቅ ወሰን አለ። የራሱን መኪና በዕረፍት ሰዓቱ ማደስ አንድ ነገር ነው፤ እጁ ተመስክሮለት የሰፈሩን መኪና በክፍያ መጠገን ከጀመረ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የሳዑዲ የሥራ ሕግ 39ኛ አንቀጽ ሠራተኛ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ወይም ለራሱ ጥቅም እንዳይሠራ ይከለክላል። በወዳጅነት የተጀመረ እርዳታ ከፈቃድ ውጭ ወደሆነ ገቢ እንዳያመራ ጥንቃቄ ያሻል።

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል

መኪና መፍታት ቀላል ነው፤ መልሶ መግጠም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተደባለቀ ብሎን ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይሄ የየት ነበር?» ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ብሎኖቹ በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት ገብተው የቦታቸው ስም ይጻፍባቸዋል። የዛገ ብሎን ለማውጣት ካቻቢቴና ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ዝገት የሚያላላ ዘይት ማታ ነክሮ አሳድሮ ጠዋት መሞከር ከመስበር ያድናል።

በዚህ አገር የሙቀቱ ነገር የተለየ ሥርዓት ይጠይቃል። መንግሥት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛ ከፀሐይ በታች እንዳይሠራ ይከለክላል። በገዛ ግቢው የሚሠራ ሰውም ይህንኑ ደንብ በራሱ ላይ ቢያውል ለጤናው ይበጀዋል። ከፈጅር በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ለሥራው ምርጥ ጊዜ ናቸው።

የሥራው ቅደም ተከተል ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ጀማሪው ሁልጊዜ የሚጓጓው ለቀለም ነው፤ ቀለም ይታያል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሞግሰዋል። የሚቀድመው ግን ፍሬን ነው። የቀደሙት ኤፍጄ 40ዎች በአራቱም ጎማዎች የከበሮ ፍሬን ነበራቸው፤ የፊት ዲስክ ፍሬን የመጣው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቱቦዎቹንና የየጎማውን ሲሊንደር ከውስጥ ያዝጋቸዋል። ከውጭ ደህና የሚመስል የብረት ቱቦ በከባድ ፍሬን ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። በመሆኑም ቱቦዎቹ፣ የሲሊንደሮቹ ጎሚኒዎችና ዘይቱ በሙሉ በአዲስ ይተካሉ። አየር የማስወጣቱ ሥራም ከዋናው ፓምፕ ከራቀው ጎማ ጀምሮ ወደ ቅርቡ ይሄዳል።

የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራዎች ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ ነበረባቸው። በከበሮው ውስጥ የተጠራቀመውን ዱቄት በኮምፕረሰር እፍ ማለት የብዙ ጋራዦች ልማድ ቢሆንም፣ ወደ ሳንባ የገባ የአስቤስቶስ ብናኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ዱቄቱን በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በላስቲክ አስሮ መጣል፣ አፍና አፍንጫንም በተገቢው ጭንብል መሸፈን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ የነዳጅ ታንከር ነው። በቀደሙት ኤፍጄ 40ዎች ላይ ታንከሩ የተቀመጠው በካቢናው ውስጥ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። የወለሉን ብረት ለመበየድ የተነሳ ሰው ታንከሩን ሳያወጣ ብልጭታ ቢለቅ ራሱንና ቤቱን ያቃጥላል። ባዶ ታንከርም ቢሆን በውስጡ የቀረው ትነት ከሙሉው ይልቅ ፈጥኖ ይፈነዳል። ክሪክም ለማንሻ እንጂ ለማቆያ አይሆንም፤ በሻንሲው ሥር ጠንካራ ቋሚ ድጋፍ ሳይደረግ ከመኪና ሥር መግባት የብዙ መካኒኮችን ሕይወት የቀጠፈ ስህተት ነው።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ጋራዥ

ከኢትዮጵያ የመጣ መካኒክ ከጣሊያንኛ የወረሳቸውን ቃላት ይዞ ይመጣል። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ሁሉ ከዚያ የተገኙ ናቸው፤ የተጋጨ አካል የሚያቃናውም ባቲላሜራ ይባላል። በሪያድ ስናዒያ ግን ፍሬን «ፈራሚል»፣ ካንዴላ «ቡዋጂ»፣ ባቲላሜራው «ሰምከሪ» ነው። ጎማ ለማስለጠፍ ጎሚስታ ሳይሆን «በንሸር» ይጠየቃል። አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሰው ማርሽ «ደብል» ይባላል።

ከሁሉም የሚያሳስተው «መኪና» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ተሽከርካሪው በሙሉ መኪና ሲሆን፣ በሳዑዲ ዐረብኛ ግን «መኪና» ማለት ሞተር ነው። «መኪናዬ ተበላሸ» ብሎ ለስናዒያው ባለሙያ የተናገረ ሐበሻ፣ ችግሩ የጎማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሞተር የማውረድ ዋጋ ሊነገረው ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት ሲኬድ የድሮውን ክፍል በእጅ ይዞ መሄድ ከሁሉም ቋንቋ የተሻለ ነው።

ያገለገለ መለዋወጫ የሚፈልግ ከሪያድ በስተደቡብ በሓኢር መንገድ ወዳሉት ተሽሊሆች ይሄዳል። እዚያ ተቆራርጠው የሚሸጡ መኪኖች መካከል የ40ን ክፍል ማግኘት ዕድልና ትዕግሥት ይጠይቃል። ቶዮታ ራሱ በ2021፣ የላንድክሩዘርን 70ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ለ40 ትውልድ ምርታቸው ተቋርጦ የነበሩ አንዳንድ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። ለፍሬን፣ ለመሪና ለነዳጅ መስመር አዲስ ዕቃ መግዛት ይገባል፤ ለበር እጀታና ለወንበር ክፈፍ ግን ያገለገለው ይበቃል።

ሞተሩ ሲነሳ

ሞተሩ ተፈትቶ፣ ሲሊንደሩ በቶርኖ ቤት ተለክቶ ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው ጥቃቅን የሚመስል ነገር ግን ወሳኝ ማስተካከያ ነው። የኤፍ እና የቱ ኤፍ ሞተሮች የማቀጣጠል ተራ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። የካንዴላ ገመዶቹ ከዚህ ተራ ከተዛነፉ ሞተሩ ያስላል እንጂ አይነሳም። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ሙቅ ሳለ ለማስገቢያው 0.20 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ይሆናል። ክፍተቱን አጥብቦ ድምፁን ለማጥፋት መሞከር ቫልቩን ያቃጥላል፤ ጥቂት የቫልቭ ድምፅ የዚህ ሞተር ተፈጥሮ ነው። ለነዳጅም 91 ኦክቴን ይበቃዋል።

በሪያድ ሙቀት ዋናው ፈተና የማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው። የቆየ ራዲያተር ቱቦዎቹ በዝገትና በኖራ ስለሚደፈኑ ወጥቶ መታጠብ ወይም ልቡ መቀየር አለበት። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በሀገር ቤትም በዚህም የተለመደ ነው። ነገር ግን የቴርሞስታቱ ሥራ ውሃው በትክክለኛው ሙቀት ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ ማድረግ ስለሆነ፣ መጣሉ እውነተኛውን ችግር ከመሸፈን በቀር አይፈውስም። የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ሲስተካከል መኪናው በ45 ዲግሪ ሙቀትም ቢሆን መርፌውን በቦታው ያቆየዋል።

የት ሊያደርሰው ነው?

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንድ ስደተኛ «አድሼ ወደ ሀገር ቤት እወስደዋለሁ» በሚል ሐሳብ ጥሪቱን በአሮጌ መኪና ላይ ያፈሳል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተነግሯል። ስለዚህ ይህንን ሕልም የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ብሎን ከመግዛቱ በፊት የጉምሩክን ወቅታዊ መመሪያ ከሚመለከተው አካል ማረጋገጥ አለበት። ያለዚያ ለወንድም ትምህርት ወይም ለእናት ሕክምና ይሆን የነበረ ገንዘብ ነሲም ውስጥ ቆሞ የሚቀር ብረት ይሆናል።

ቁጥር መያዝ በዚህ ሥራ ላይ ታላቅ እርዳታ ነው። በአንድ ደብተር የመኪናው ዋጋ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ወጪና የቀረው ሥራ ይጻፋል። ለወር የተመደበው ሪያል ካለቀ ሥራው እስከሚቀጥለው ወር ይቆያል፤ የቤተሰብ ድርሻ አይነካም። እድሳት ለዓመት ቢዘገይ መኪናው አያኮርፍም፤ የተበደረ ሰው ግን እንቅልፍ ያጣል። ባለቤቱ ወደ ሀገሩ ለመመለስ ቢወስን ኢስቲማራው የታደሰ፣ ዓመታዊውን የፈሕስ ምርመራ ያለፈ መኪና በአግባቡ ይሸጣል። ተፈታትቶ በሣጥን የቀረው ግን በብረት ዋጋ ይሄዳል።

በሽያጭ ጊዜ ደብተሩ ሌላ ጥቅም አለው። በእስልምና የንግድ ሥርዓት የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ የተከለከለ ነው። ገዢውም የተደበቀ ጉድለት ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ፉቀሃኡ «ኺያሩል ዐይብ» ይሉታል። በስቱኮ የተሞላ በር፣ የተበየደ ሻንሲ፣ የተቀየረ ሞተር ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። «ይህን ቀየርኩ፣ ይህ አሁንም ይቀራል» ብሎ ደብተሩን ከፎቶዎቹ ጋር ለገዢ የሚሰጥ ሰው አማናውን ተወጥቷል። የክላሲክ መኪና ገበያም ለተመዘገበ ታሪክ ከሚያብረቀርቅ ቀለም የበለጠ ዋጋ ይሰጣል።

ቀለሙ በመጨረሻ ይደርሳል። ዝገቱ እስከ ባዶ ብረት ተነስቶ፣ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ሽፋን ተቀብቶ፣ አሸዋ ባልነሳበት ጸጥ ያለ ማለዳ የመጀመሪያው የቀለም እጅ ይረጫል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አለ፤ ልጆች አይሳፈሩበትም። ባለቤቱ ብቻውን፣ ከፈጅር በኋላ ጎዳናው ገና ጭር ባለበት፣ በዝቅተኛ ፍጥነት በሰፈሩ ውስጥ ይነዳል። ፍሬኑን አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ ይሞክረዋል። መኪናው ወደ ጎን ይጎትት እንደሆነ ያስተውላል። ተመልሶ በየጎማው ውስጥ በኩል ዘይት አንጠባጥቦ እንደሆነ አጎንብሶ ያያል፤ ከበሮዎቹን በመዳፉ ጠጋ ብሎ ከሌሎቹ የተለየ የሞቀ እንዳለ ይፈትሻል። አራቱም እኩል ከሆኑ በሩን ከፍቶ ቤተሰቡን ይጠራል።